አሥር ሰዓት ላይ የሚጠፋው መስመር

“መስመሩን ቁረጡልኝ ነው የምልሽ፣ እህቴ” አለች በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት፤ ይኼ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። አልጮኸችም። የሚጮህ ደንበኛ ገና ተስፋ አልቆረጠም ማለት ነው፤ ይቺኛዋ ግን ጓዟን ጠቅልላ በር ላይ ቆማ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

“ማር አፍ” የሚሏት የስልክ ሠራተኛ ማዳመጫዋን አስተካከለችና በዚያ ሁሉም በሚያውቅላት ለስላሳ ድምጿ፣ ድርጅቱ ለእንደሷ ዓይነት ነባር ደንበኛ ያዘጋጀው ልዩ ቅናሽ እንዳለ ነገረቻት፤ ለሦስት ወር ሠላሳ በመቶ።

“የተበላሸ ነገር በርካሽ ስትሰጡኝ የተጠገነ ይመስላችኋል?” አለች ሴትዮዋ።

ማር አፍ ከፊቷ ያለውን ጽሑፍ በዓይኗ ፈተሸች፤ ለዚህ የሚሆን መልስ አልተጻፈበትም።

“ማር አፍ” እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። የምትሠራው ለየቤቱ ኢንተርኔት በሚያስገባ አንድ ድርጅት ውስጥ፣ “ልለቅ ነው” የሚል ደንበኛ ሁሉ ስልኩ በሚዞርበት ክፍል ነው። ክፍሉ በወረቀት ላይ “የደንበኛ ማቆያ” ይባላል፤ ሠራተኞቹ ግን “ልመና ክፍል” ይሉታል። ደንበኛው ልለቅ ሲል የሚያነቡለት አንድ ገጽ ተኩል ጽሑፍ አለ፤ እሱን ደግሞ “ድጋሙ” ይሉታል። ድጋሙን እንደሷ አድርጎ የሚደግም አልነበረም። ደሙ ፈልቶ የደወለ ሰው ከሷ ጋር ሁለት ደቂቃ ካወራ ቀዝቅዞ፣ አንዳንዴም መርቋት ይዘጋል። ስሙ የወጣላት ከዚያ ነው።

ድሮ፣ ድርጅቱ በከተማው ብቸኛ በነበረበት ዘመን፣ ለማኙ ደንበኛው ነበር። መስመር ለማስገባት ሰው ወረፋ ይይዛል፣ ደጅ ይጠናል፣ የሚያስገባለት ዘመድ ያፈላልጋል። አሁን ሌሎች ሦስት ድርጅቶች መጥተዋል፤ “የመጀመሪያው ወር በነጻ” ያለ ሁሉ ደንበኛ እየነዳ ይሄዳል። አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ሰው እንደ ሸሚዝ ለውጦ ይወጣል። ከጎኗ የሚቀመጠው ባልደረባዋ፣ “በኛ ጊዜ ሰው ሚስቱን ይፈታል እንጂ መስመሩን አይፈታም ነበር” እያለ ይቀልዳል። እሱ ራሱ ቤቱ ያስገባው የሌላውን ድርጅት መስመር መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አንስቶበት አያውቅም።

አዲሱ የክፍሉ ኃላፊ ከመጣ ስድስት ሳምንቱ ነው። በዕድሜ የማር አፍን ታናሽ ወንድም የሚያክል ልጅ ነው። በመጣ በሳምንቱ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ስክሪን አሰቀለ፤ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ስምና ያስቀረው ደንበኛ ብዛት እንደ ኳስ ውጤት ይታይበታል። የዚያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ሰብስቧቸው፣ ወሩ ሲያልቅ ከዝርዝሩ ግርጌ የተገኘ ሰው ወንበሩ እንደሚታጠፍ ነገራቸው። ይህን ሲናገር የሚያየው ጫማውን ነበር።

ማር አፍ ለዓመታት ከላይ ነበረች። በዚህ ወር ግን ስትንሸራተት ከርማ ግርጌ ልትደርስ አንድ ሰው ቀርቷታል። ምክንያቱ አልጠፋትም፤ ልትሰማው አልፈለገችም እንጂ። በቅናሽ ያስቀረቻቸው ሰዎች ሦስቱ ወር ሲያልቅ መልሰው ይደውላሉ፣ ያን ጊዜ ማርም ወተትም አይመልሳቸውም። ይህ ሁሉ የመጣው ደግሞ በክፉ ቀን ነው። ባሏ ይሠራበት የነበረው ማተሚያ ቤት ከተዘጋ ወዲህ ቤቱ የቆመው በሷ ደመወዝ ነው። ባልየው ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ሲወጣ፣ ሰው ቢያየው እንኳ ሥራ የሚሄድ እንዲመስል ሸሚዙን በካውያ ተኩሶ ይለብሳል።

እንግዲህ ሴትዮዋ ያን ጥያቄ ስትጠይቃት፣ ማር አፍ ጊዜ ለመግዛት ያህል “አንድ ጊዜ ይታገሱኝ” ብላ የሴትዮዋን መዝገብ ከፈተች። በአምስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች። አሥራ አንዱም ቦታ የተጻፈው አንድ ዓይነት ነው፦ “ቴክኒሻን ሄዶ አይቷል፤ መስመሩ ይሠራል። ቅናሽ ተሰጥቷል። ተዘግቷል።” ከያንዳንዱ ሥር ጉዳዩን የዘጋው ሠራተኛ ስም አለ። አራቱ ላይ የሰፈረው የሷ ስም ነበር።

ሴትዮዋን ፈጽሞ አላስታወሰቻትም። ድምጿን እንኳ። ያስታወሰችው ሌላ ነገር ነው፤ ከነዚያ አራት ቀናት አንዱ፣ የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ተብላ የተጨበጨበላት ሳምንት ላይ ነበር የዋለው። ፊቷን እሳት የነካው ያህል ተሰማት። ድጋሙ የተጻፈበትን ወረቀት በግንባሩ ደፋችው።

“ይቅርታ ያድርጉልኝና” አለች፣ “መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?”

“አምስት ወር ሙሉ ይኼን የጠየቀኝ ሰው የለም” አለች ሴትዮዋ። “አሥር ሰዓት ላይ ነው። አሥር አካባቢ አላልኩም፤ አሥር ሰዓት ላይ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ተመልሶ ይመጣል። የጥገና ሰዎቹ የሚመጡት ጠዋት ነው፤ ጠዋት ምን ይሆናል፣ እንደ ሙሽራ አምሮበት ይጠብቃቸዋል።”

ሌላውንም ነገረቻት። የሒሳብ አስተማሪ ናት። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በስክሪን ታስጠናቸዋለች። አሥራ ስምንት ነበሩ፤ አሁን የቀሩት ዘጠኝ ናቸው። ወላጆቹ ክፉ ቃል አልተናገሯትም፤ መስመሩ የማይቆራረጥ ሌላ አስተማሪ አገኙና ሄዱ። “እኔም እንደናንተው ደንበኛ እየሸሸኝ ነው” አለች። “ልዩነታችን እኔ ለምን እንደሚሸሸኝ አውቃለሁ።” ነገ ጠዋት የሌላው ድርጅት ሰዎች አዲስ መስመር ሊያስገቡላት ቀጠሮ ይዛለች።

“ዛሬ አሥር ሰዓት ሳይሞላ መጥቼ ብመለከተውስ?”

“ቅናሽ ይዘሽ ከሆነ አትምጪ” አለች አስተማሪዋ። ስልኩን ግን ወዲያው አልዘጋችውም።

ማር አፍ አስተማሪዋ የምትኖርበትን ሕንጻ አድራሻ አስገብታ ፈለገች። በአምስት ወር ውስጥ ከዚያው ሕንጻ ሰባት ቤት ድርጅቱን ለቅቋል። ሰባቱን ያነጋገሩት ሰባት የተለያዩ ሠራተኞች ስለሆኑ፣ ጎን ለጎን አድርጎ ያያቸው አልነበረም።

በምሳ ሰዓት ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። እዚያ፣ በገመድ ጥቅልሎች መካከል፣ “ጋሼ ሽቦ” የሚሏቸው የድርጅቱ አንጋፋ የመስመር ሠራተኛ ይቀመጣሉ። በከተማው ያልወጡት ጣሪያ የለም፤ ጥገናው ለሌላ ድርጅት በኮንትራት ከተሰጠ ወዲህ ግን ዕቃ ግምጃ ቤት አስገብተዋቸው፣ ጡረታቸውን እየጠበቁ ነው። ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ነገረቻቸው። እሳቸውም የያዙትን ዳቦ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አሰቡ።

“እኔ አሥር ሰዓት ላይ የሚታመም ሽቦ አላውቅም፣ ልጄ” አሉ በመጨረሻ። “አሥር ሰዓት ላይ ሥራ የሚገባ ሰው ግን አውቃለሁ።” ቦርሳቸውንም አነሱ።

ኃላፊውን ማስፈቀድ ግን ቀላል አልሆነም። የዚያን ቀን እስከ ምሳ ያስቀረችው ስድስት ሰው ብቻ እንደሆነ በስክሪኑ አሳያት። ሥራዋ ወንበሩ ላይ እንደሆነ፣ መስመር የሚያይ የጥገና ድርጅት እንዳለ አስረዳት። ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱም የተሰጠውን ድጋም የሚደግም ሰው ይመስል ነበር።

“የሚያየው ድርጅት አሥራ አንድ ጊዜ ሄዷል” አለችው። “እኔም አራት ጊዜ ዘግቼዋለሁ። እንግዲህ ከሰዓት በኋላውን ከዓመት ፈቃዴ ላይ ቁረጥልኝ።”

“ከወጣሽ ዛሬ ዝርዝሩ ላይ መጨረሻ ትሆኛለሽ።”

“አውቃለሁ” አለች። ቦርሳዋንም አንስታ ወጣች። መንገድ ላይ ለባሏ ደውላ ነገረችው። ባልየው ለእራት እንድትደርስላቸው ብቻ ነግሯት ዘጋ። እሷም መስማማቱ ይሁን መፍራቱ ሳይለይላት ጋሼ ሽቦን ተከትላ አውቶቡስ ገባች።

ሕንጻው ባለ አምስት ፎቅ ነው፤ ቀለሙ የለቀቀ፣ ደረጃው ግን ንጹሕ። ለሕንጻው ሁሉ ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው የመስመሩ ሳጥን ያለው ምድር ቤቱ ላይ፣ ከደረጃው ሥር፣ ከዘበኛው ወንበር በላይ ነው። አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ትብለጨለጭበታለች። ጋሼ ሽቦ ከፍተው አዩት፤ ጤነኛ ነው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነኩ ቆጠሯቸው፤ እነሱም ጤነኛ ናቸው። ከዚያ የሳጥኑን የኤሌክትሪክ ገመድ በዓይናቸው እየተከተሉ ወረዱና፣ ከወንበሩ ጀርባ ካለች አንዲት ሶኬት ላይ ሲደርሱ “እ...ህ” አሉ። ማር አፍን በእጃቸው ጠቅሰው ሁለተኛው ደረጃ ላይ አስቀመጧት፤ እሳቸውም ከጎኗ ተቀመጡ።

አሥር ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የቀኑ ዘበኛ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ተረኛው ገቡ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሰላምታቸው የተሟላ ሽማግሌ ናቸው። የማያውቋቸውን ሁለት እንግዶች እንኳ ጤናቸውን ጠይቀው፣ ኮታቸውን ሚስማር ላይ ሰቀሉ። ከኪሳቸው አሮጌ ስልክና ቻርጀር አወጡ። ጎንበስ አሉና ከሶኬቱ ላይ ጥቁሩን ገመድ ነቅለው የራሳቸውን ሰኩ።

አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። ወዲያው ከሦስተኛው ፎቅ በር ተከፍቶ፣ “ሄደ! ይኸው ሄደ!” የሚል የሴት ድምፅ በደረጃው ወረደ።

ጋሼ ሽቦ መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸውን ለመዋጥ ባርኔጣቸውን አፋቸው ላይ ቢይዙም ትከሻቸው እምቢ አለ። ማር አፍ ግን ልትስቅ አልቻለችም፤ የሽማግሌውን ፊት እያየች ነበር። ነገሩ ሲነገራቸው ቀለማቸው ተለወጠ።

“እኔ... የማይሠራ ዕቃ መስሎኝ ነው፣ ልጄ” አሉ። “ሶኬቷ አንዲት ናት። ስልኬ አርጅቷል፣ ቶሎ ቶሎ ይሞታል። ልጄ ሩቅ ነው ያለችው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትደውላለች። ከዚያ መልሼ እሰካዋለሁ። አትንካ ያለኝ ሰው የለም።” ሥራውን ከጀመሩ አምስት ወራቸው ነው። ቀጥለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ያባርሩኝ ይሆን?” ሲሉ ጠየቋት።

ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ እሷም በሆዷ ስትጠይቅ ነው የዋለችው።

“የሚያባርርዎ የለም፣ አባባ” አለች። “ጥፋቱ የኛ ነው። የሰውን ሶኬት ተበድረን ሳንነግርዎ የሄድነው እኛ ነን።”

ጋሼ ሽቦ ከቦርሳቸው ባለ አራት ቀዳዳ ማራዘሚያ አውጥተው ሰኩ፤ ሳጥኑን በአንዱ፣ የሽማግሌውን ስልክ በሌላው። የሳጥኑን ገመድ በማሰሪያ ጠፍረው፣ “አይነቀልም” ብለው በትልቁ ጻፉበት። ሁሉም ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ማር አፍ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስትወጣ አስተማሪዋ እጇ ላይ የሰሌዳ እስክሪብቶ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ከኋላዋ ያለው ክፍል ጠባብ ነው፤ አልጋው ሰው እንዳያየው በመጋረጃ ተከልሏል፣ ነጭ ሰሌዳ፣ ጠረጴዛ፣ ስክሪን። ስክሪኑ ላይ የልጆቹ ፊት አንድ በአንድ እየተመለሰ ነበር። አንዱ ልጅ፣ “ቲቸር፣ ዛሬ ቶሎ መጡ!” ሲል ሌሎቹ ሳቁ።

ማር አፍ ምን እንደተገኘ ነገረቻት። አስተማሪዋ መጀመሪያ አላመነችም፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

“ሶኬት?” አለች። “ዘጠኝ ተማሪ ያጣሁት በሶኬት ነው?”

“በሶኬት ብቻ አይደለም። መዝገቡን አይቼዋለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ደውለዋል፤ አራቱን ሳልሰማዎት የዘጋሁት እኔ ነኝ።”

አስተማሪዋ ዓይኗን ገልጣ ትክ ብላ አየቻት። “ይኼን ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር።”

“እኔ ግን አውቀው ነበር።”

“እቀራለሁ ብዬ ቃል አልገባልሽም” አለች አስተማሪዋ። ድምጿ አሁን ቁጣ የለበትም። “ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነው፤ ልመለስ።” በሩንም ገርበብ አድርጋ ተወችው።

ማር አፍና ጋሼ ሽቦ አልሄዱም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ከላይ የሚመጣውን የክፍልፋይ ትምህርት አዳመጡ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማር አፍ ራሷ ጥያቄዎቹን በልቧ ትመልስ ጀመር፤ ሁለቱን ሳተች። ልክ አሥራ አንድ ሲል የሽማግሌው ስልክ ጮኸ። “አለሁ፣ አለሁ ልጄ፣ ደህና ነኝ” እያሉ ከግድግዳው ሳይርቁ አወሩ። ከላይ ትምህርቱ ቀጥሏል። የማር አፍ ትከሻ ከጠዋት ጀምሮ ወደ ጆሮዋ ተሰቅሎ እንደነበር ያወቀችው፣ ያን ጊዜ ወርዶ ቦታውን ሲይዝ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ቢሮ ስትመለስ ሰዉ ለመውጣት እየተዘገጃጀ ነበር። በትልቁ ስክሪን ላይ ስሟ ግርጌ ተቀምጧል። ኃላፊው ከጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። ልታስረዳው አፏን ስትከፍት ስልኳ ጠራ፤ “ዛሬ የመጣችውን ሴትዮ አገናኙኝ” የምትል ደንበኛ ናት አሏት። ኃላፊው ሁለተኛውን ማዳመጫ አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገ።

“ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በቀር ዛሬ ሳይቋረጥ ጨረስኩ” አለች አስተማሪዋ። “በአምስት ወር የመጀመሪያዬ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ግራ ገብቷቸው ‘አለቀ?’ ነው ያሉኝ። የነገዎቹን ሰዎች ደውዬ ለሳምንት አስተላልፌያቸዋለሁ። አልሰረዝኳቸውም፣ ስሚኝ፤ አስተላልፌያቸዋለሁ ነው ያልኩት።”

“ገብቶኛል” አለች ማር አፍ። “ነገ አሥር ሰዓት ላይ እኔው እደውላለሁ።”

“እንግዲያው ከአሥር በፊት ደውዪ። በአሥር ሰዓት አስተምራለሁ።”

ስልኩ ተዘጋ። ኃላፊው ማዳመጫውን እንደያዘ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። ደንበኛው በዚህ ዓይነት መሄዱን ከቀጠለ ክፍሉ በሙሉ ተዘግቶ በተቀረጸ ድምፅ እንደሚተካ፣ የሱም ወንበር ከዚያው ጋር እንደሚሄድ፣ ይህን ለማንም እንዳይናገር እንደታዘዘ ነገራት። ስድስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ እንዳልነበረው ከፊቱ ይነበባል፤ እሷ ግን እስከዚያች ደቂቃ ልብ ብላ አይታው አታውቅም።

“አንድ ነገር ፈልጊልኝ” አላት። “‘ሄዶ አይቷል፤ መስመሩ ይሠራል’ የሚል ስንት ቦታ አለ?”

ጻፈችና ፈለገች። ሦስት መቶ አርባ ሁለት። ሁለቱም ቁጥሩን አዩት። ኃላፊው ፊቱን በመዳፉ አበሰና፣ ሳይታሰብ፣ ሳቀ። የሚያስቅ ነገር አግኝቶ አልነበረም፤ ከተሸከመው ነገር ግማሹን መሬት ያስቀመጠ ሰው ሳቅ ነው።

“ነገ ጠዋት ይኼን ይዤ የበላዮቼ ዘንድ እገባለሁ” አለ። “መልስ እስኪሰጡኝ የማንም ወንበር አይታጠፍም፤ ይኼን ያህል ማድረግ እችላለሁ። አንቺ ከጋሼ ሽቦ ጋር ከመጀመሪያዎቹ አሥር ቤቶች ጀምሩ። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ወይም ደንበኛው ይጠፋብኛል ባለበት ሰዓት።” ተነስቶ ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ዘወር አለ። “የአስተማሪዋን ደግሞ ‘ቀርታለች’ ብለሽ ዝጊው። ሰባት ይሁንልሽ፤ ከግርጌም ትነሻለሽ።”

እሱ ከሄደ በኋላ መዝገቡን ከፈተችው። ከታች ሁለት ምርጫዎች ይጠብቋታል፦ “ቀርታለች፤ ይዘጋ” እና “ክፍት ይቆይ”። ለባሏ እየመጣሁ ነው የሚል መልእክት ላከችለትና እጇን ወደ ቁልፉ መለሰች። ሴትዮዋ ገና አልቀረችም። ለድርጅቱ የሰጠችው አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

በአስተያየት መስጫው ቦታ ላይ፣ “የሳጥኑ ኤሌክትሪክ ይነቀል ነበር፤ ማራዘሚያ ተደርጓል። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይደወል” ብላ ጻፈች። ስሟን ከሥሩ አሰፈረችና፣ ሳትዘጋው አስቀምጣ ቦርሳዋን አነሳች።